አሥራ ሁለት ቁጥር ዒላማ

ጃንዋሪ 6
ወተት አልቋል። የበረዶ መንሸራተቻዬን፣ ስኪዬን፣ ሰም ቀባሁ። ከሰዓት ልምምድ።
በበረዶው ተንሸራትቼ ተኩስ ቦታው ስደርስ የልቤ ምት 174። አሰልጣኛችን ቨርን ደረቴ ላይ ያሰረልኝ ቀበቶ ምቱን ወደ ስልኩ ይልካል፤ ስልኩ ጢት ጢት ይላል። ከመተኮሴ በፊት ከ140 በታች ማውረድ አለብኝ። አራት ቆጥሮ ትንፋሽ ማስገባት፣ ስድስት ቆጥሮ ማስወጣት። አልወረደም። ከአምስት ዒላማ አንድ መታሁ።
"ድሮ እኮ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትመቺ ነበር" አለ።
ድሮ ባሌ ኩርት ነበር።

ጃንዋሪ 9
ብርዱ አያስወጣም። ቀበቶውን አስሬ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። አራት... ስድስት... 71 ደረስኩ። ከዚያ የኩርትን ጓንት በሩ ጋ አየሁት። 98።
ምን ላድርገው? እዚያው ተውኩት።

ጃንዋሪ 14
"በፊት እንዴት ነበር የምታወርጂው?" አለኝ ቨርን።
አላውቅም አልኩት። ውሸቴን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኔ 11 ቁጥር መተኮሻ ላይ፣ ባሌ 12 ላይ፣ ጎን ለጎን ተኝተን ተኮስን። እሱ ትንፋሹን ሲያስወጣ እሰማለሁ፣ እኔም አስወጣለሁ። በቃ። ቆጥሬ አላውቅም። የራሴ ትንፋሽ የለኝም ማለት ነው?
የእሱ ልብ ቁጭ ሲል 44 ነበር። "ሰነፍ ልብ" እለው ነበር። "ሰነፍ ዕድሜው ረጅም ነው" ይለኛል። ባለፈው ማርች ቁልቁለቱ ላይ ልቡ ቀጥ አለ። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ። አፌን ቁርጥ ያርገው።

ጃንዋሪ 22
ቨርን ዛሬ አልሳቀም። "ቅዳሜ የክለቡ ውድድር ነው። ካልወረደልሽ ጠመንጃውን እቀበልሻለሁ። ልብሽ እንዲህ እየመታ ጥይት አላስይዝሽም፣ ሮንዳ።"
እውነቱን ነው። ግን ይሄንንም ካጣሁ ምን ቀረኝ?

ጃንዋሪ 24፣ ቅዳሜ
176 ሆኜ ደረስኩ። 11 ላይ ተኛሁ። 12 ባዶ ነው፤ ማንም አላዘዘም፣ ግን ከማርች ወዲህ ማንም አይተኛበትም።
ዓይኔን ጨፈንኩ። አራት... ስድስት... ጢት ጢቱ እየዘገየ መጣ። ያኔ ኩርት ከጎኔ ሲያስወጣ ሰማሁት። ነፋስ ነው፣ አውቃለሁ። እኔም አስወጣሁ። ዓይኔን ገልጬ ተኮስኩ። አምስቱም ጥቁር ክቦች እየተመቱ ተራ በተራ ነጭ ሆኑ። አሥር ወር ሙሉ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።
ቀና አልኩ። የእኔ አምስት ክቦች ጥቁር እንደሆኑ ናቸው። ነጭ የሆኑት የ12 ቁጥር ናቸው። አምስቱንም የኩርትን ዒላማ መትቻለሁ።
የጎረቤት ዒላማ አይቆጠርም፤ ላልተመታ ለእያንዳንዱ አንድ፣ በስኪ አምስት የቅጣት ዙር።
"ደንቡን ታውቂያለሽ" አለ ቨርን።
"አውቃለሁ።"
"136 ነበርሽ። ጠመንጃው ያንቺው ነው።" ፊቱን አዞረ።
አምስቱን ዙር እያለቀስኩ ዞርኩ። መጨረሻ ወጣሁ።

ጃንዋሪ 27
"12 ላይ ሰው አስተኛበት" አልኩት ቨርንን።
"እርግጠኛ ነሽ?"
"አይደለሁም። አስተኛበት።"
አዲስ የገባች ልጅ ተኛችበት። እንደ ውሻ ታለከልካለች። አራት... ስድስት... ለራሴ ቆጠርኩ። 139። ሦስት መታሁ፣ ሦስቱንም የራሴን።
ኩርትን አልሰማሁትም።