የክንፉ ሸንበቆ

ውድ ዘሃራ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን እወቂልኝ፤ ሸንበቆውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሒክማ ምንም አላጠፋችም።

ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሆነ። የቀብርሽን ልክ የወሰድነው በአንድ ሸንበቆ ነበር፤ ከራስሽ እስከ እግርሽ ለክተን ቆረጥነውና ለቆፋሪዎቹ ሰጠናቸው። ሲጨርሱ መቃብሩ ላይ መተው ነበረበት። እኔ ግን በማስተማር ዘመኔ ሁሉ ማስመሪያ ክፍል ውስጥ ጥዬ ወጥቼ የማላውቅ ሰው፣ ሳላስበው በብብቴ ይዤው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤታችን ገባሁ። ጎረቤታችን ከድጃ አይታ፣ «መምህር፣ የሙት ልክ እቤት አይገባም፤ ከገባ ሌላ ይለካል» አለችኝ። ሳቅሁባት።

ቤቱ ብዙ አልተለወጠም። የስፌት መኪናሽ እንደሸፈንሽው ነው። ልጃችን አሁንም ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ሒክማ ከእኔ ጋር ናት፣ ስድስት ዓመት ሞላት። የልጅ ልጅሽ ቃል የገባሽላትን ባለ ፔዳል አውሮፕላን አንድ ቀን ረስታው አታውቅም። ስለዚህ ጀመርኩት። ከኮምቦልቻ አሮጌ የልጆች ብስክሌት አስመጣሁ። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚሽከረከር የቆርቆሮ ማራገቢያ ፊቱ ላይ ገጠምኩ፤ ክንፉን በጃንጥላሽ ጨርቅ አለበስኩት። ለክንፉ አጥንት የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ግን ጠፋ። ሦስት ሞክሬ ሦስቱም ጎበጡ። ሸንበቆው አልጎበጠም። አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት፤ ክንፉ ከቁመትሽ አንዲት ጣት አይበልጥም፣ አያንስም።

በመጀመሪያው ቀን ሒክማ ከጓዳው ደጃፍ ተነሥታ እየረገጠች በቀጥታ ወደ አጥሩ በር ሄደች። በሩ የሚከፈተው ወደ መቃብሩ መንገድ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ አዙሪ አልኳት።

«አዞርኩ እኮ፣ አባባ!»

አይቻለሁ፣ አዙራለች። ጎማዎቹን ፈትቼ እንደገና ገጠምኩ፤ ዘንጉን በውሃ ልክ አየሁ። የግቢው ሲሚንቶ ላይ ብይ አስቀመጥኩ፤ ብዩ ወደ ጓዳው ተንከባለለ። በሩ ሽቅብ ነው ማለት ነው።

ትናንት ሁለቱንም እግሯን ከፔዳሉ እንድታነሣ አዘዝኳት። አነሣች። ፔዳሉ ብቻውን እየዞረ አውሮፕላኑ ሽቅብ ሄደ፤ በሩን ገጭቶ ቆመ። እሷ ትስቃለች።

«እማማ ዘሃራ ናት እኮ የምትገፋኝ። ቀስ በይ ስላት አትሰማም!»

የከድጃ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ዘሃራ፣ በሕይወት ሳለሽ ይህችን ልጅ ሳትጠሪ የዋልሽበትን ቀን አላስታውስም። የምፈራውም ይህንኑ ነው። ናፍቃሽ ከሆነ እረዳለሁ። እሷን ግን አልሰጥሽም።

የፊታችን ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሸንበቆውን ከክንፉ ነቅዬ አመጣልሻለሁ። ሒክማ ታለቅሳለች፤ ልቅሶዋን እኔ እችለዋለሁ። አንቺን ለማስታወስ ሸንበቆ አያሻኝም። ራስሽ ደረቴ ላይ የት ድረስ ይደርስ እንደነበር ያለ ማስመሪያ አውቀዋለሁ፤ እስክከተልሽም አልረሳውም።

እስከዚያ አውሮፕላኑን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር በገመድ አስሬዋለሁ። የምትፈልጊው ሸንበቆውን ብቻ ከሆነ፣ ፔዳሉን አንድ ዙር ወደ ኋላ መልሺልኝ። ተቀምጬ እያየሁ ነው። ገመዱ ከጠዋት ጀምሮ ወደ በሩ ተወጥሯል፤ እባክሽ ዘሃራ፣ ቶሎ መልስ ስጪኝ።