የወፍራሟ ባዝራ የጠዋት ሩጫ

እታለምዬ፣

ያረፍኩት ፈረስ አርቢዎች ቤት ነው። እዚህ ሆዷ በርሜል የሚያክል አንዲት ባዝራ አለች። በድንጉላ ብትጠቃ ብትጠቃ አላረግዝ ስትል ሐኪሟ፣ "ውፍረቷ ነው፤ በየጠዋቱ አስሩጧት" ብላ አዘዘች። ቦርጫሙ ባልደራስ፣ ቁርጥ ባልሽን፣ ገመዷን ይዞ ከኋላዋ ሲያለከልክ ብታዪው!

ዛሬ ሐኪሟ መረመረቻትና ጮቤ ረገጠች፤ ባዝራዋ አርግዛለች! ኪሎዋ ግን ንቅንቅ አላለም። "የከሳው ባልደራሱ ብቻ ነው" ብላ አሳቀችን።

እኔማ ትዝ ያለችኝ ደጅሽ ላይ ታስራ የምትቀለበው ላምሽ ናት። መከነች ብለሽ ለሥጋ ቤት እንዳትሸጫት! እስቲ መጀመሪያ ዳገት ዳገቱን አንሸራሽሯት።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እማማን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለባልሽም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ገመዱን እሱ ይያዝ።