ከላይ የታየው ቤታችን

ከደባርቅ ዙሪያ፣ ኅዳር ፲፬
ይድረስ ለወንድሜ ለዘመነ፤

እንደምን ከርመሃል? የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔና ልጅህ ሊድያ፣ ሚካኤል ይመስገን፣ አለን። ገብሱ ታጭዷል፤ ላሟም ወልዳለች።

መምህሯ የክፍሉን ልጆች «የመንደራችሁን ካርታ ሣሉ» ብለዋቸው ነበር። የሌሎቹ ልጆች ቤት በርና መስኮት አለው። የሊድያ ግን ጣራ ብቻ ነው፤ ዛፏም ግንድ የላትም፣ ክብ ናት። መምህሯ ተደንቀው፣ «በሰባት ዓመቷ አገሩን እንደ አሞራ ከላይ ማየት እንዴት ቻለች?» አሉኝ። እኔ አልተደነቅሁም። ያ ከላይ ጥዝ የሚለው ነገር በመጣ ቁጥር ጨዋታዋን አቋርጣ ሰማዩን ስታዳምጥ አያታለሁ።

እርምጃውንም ቆጥራ ጽፋዋለች፤ ከቤት እስከ ባሕር ዛፉ አርባ፣ እስከ ገደሉ ዋሻ መቶ ሃያ። «ለአንቺ ያንሳል እትዬ፣ እግርሽ ረጅም ነው» አለችኝ።

ቀለም ስትቀባ ቆርቆሯችንን አረንጓዴ አደረገችው። «ጣራችን ነጭ አይደለም እንዴ?» ብላት፣ «ያብረቀርቃላ! ከላይ ለሚያይ ሣር ይምሰለው» አለች።

ወንድም ዓለም፣ አትቀየመኝ። ለፍተህ ያስመታህልኝን ቆርቆሮ ትናንት መሰላል አቁሜ በጭቃና በጭድ መረግሁት። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ለብርዱ ነው አልሁ። አንተም ሰው ቢጠይቅህ ለብርዱ ነው በል።

ሊድያ ጉልበትህን ስማ ሰላም ብላሃለች። ካርታውን አጥፌ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አንተ ዘንድ ትንሽ ጥግ ካለች ቶሎ ጻፍልኝ። ልጅቱ እንደሆነች ስትተኛ እጥፍ ብላ ነው፤ ብዙ ቦታ አትይዝም።

አምላክ በያለህበት ይጠብቅህ።
የእናትህ ልጅ ስጦታ