ጨረቃ እስክትጠፋ

ኅዳር ፬፥ ሐሙስ፥ ጠዋት ፫ ሰዓት

ስምንት የፎቶግራፍ መስተዋት አጥቤ ለማድረቅ አቆምኩ። አንዱ ላይ ያሉት ቀኛዝማች ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እንደገና መጥተው መነሣት አለባቸው። ማን ይንገራቸው? ፎቶግራፍ ቤቱ የሙሴ አርሻግ ነው፤ ነጋሪው ግን እኔ ነኝ።

ደብተሬ፥ የተሰማ ደብዳቤ ደረሰኝ። ታናሽ ወንድሜ ከአዋሽ ማዶ ባለች ትንሽ የባቡር ጣቢያ ስልከኛ ከሆነ ዓመት አለፈው። ዛሬም የጻፈው ስለ ሰማዩ ነው። ጭስ የለ፥ ዛፍ የለ፤ ኮከቡ ከመሬት ይጀምራል ይላል። መጥተህ በፎቶግራፍ አንሣው፤ አንተ የምታውቀው በረሃ ውቤ በረሃን ብቻ ነው፥ እዚያ ደግሞ ውሃ ጥም የለም ይለኛል። ብቻዬን ሣቅሁ።

አሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ቀን በባቡር እስከ አዋሽ፤ እዚያ አድሮ በማግሥቱ እሱ ዘንድ። ቀን ቀን ፏፏቴውን፥ ሰጎኑን፥ ሳላውን ያሳየኛል። ሲመሽ የፎቶግራፍ ማንሻውን ሜዳ ላይ ተክለን፥ ክዳኑን ከፍተን መጠበቅ። መስተዋቱ ብዙ ሰዓት ከቆየ ኮከቡ እንደ ክር ተስቦ ይወጣል ብሎኛል ሙሴ አርሻግ።

ተሰማ አሁኑኑ ና ይላል። ጨረቃ ግን እየሞላች ነው፤ ብርሃኗ ኮከቡን ያጠፋብኛል። እስክትጠፋ ቆየኝ ብዬ መለስኩለት። ሁለት ሳምንት ተኩል ቢሆን ነው።

መጨረሻው ላይ ንዳድ ይዞት እንደነበር ጽፏል። ተሽሎኛል ይላል።

ኅዳር ፯፥ እሑድ፥ ከቅዳሴ መልስ

ከጊዮርጊስ እስከ ቤት እማዬ አንድ ነገር ብቻ ስትል መጣች። ለሚካኤል ሄጄ ከወንድሜ ጋር እንድውል። የጨረቃዋን ነገር አስረዳኋት። ወንድምህን ለማየት ጨረቃ ምን ትሠራልሃለች ብላ ተገረመች።

ደብዳቤውን አነበብኩላት። የንዳዱን መሥመር ዘለልኩት። ብትሰማ በረሃ አትወርድም ትለኛለች፤ እንኳን እኔን ልትልክ፥ ለእሱም ሥራህን ልቀቅና ና ብላ ታስጽፍለታለች። በኋላ እነግራታለሁ።

ኅዳር ፲፫፥ ቅዳሜ

ሁሉም ተዘጋጀ። የማንሻው እግር ተጠገነ፤ አሸዋ እንዳይገባበት የሸራ ልብስ አሰፋሁለት። ትናንት በግቢያችን አንድ መስተዋት ሞክሬ ነበር፤ የጎረቤት ፋኖስ ብርሃን አበላሸው። ለአራዳ ሰማይ ይህም አይከፋም። እማዬ ዳቦ ቆሎ እየቆላች ነው፤ ግማሹ ለተሰማ። ቀኑ አልሄድ አለኝ።

ኅዳር ፲፭፥ ሰኞ፥ ከረፋዱ ፬ ሰዓት

የመጣው የባቡር ሠራተኛ ነው። ቆቡን በእጁ ይዞ በር ላይ ቆመ። ፎቶግራፍ የሚነሣ መስሎኝ ወንበር ሰጠሁት። አልቀመጥም አለ።

«የተሰማ ወንድም አንተ ነህ?»

ነኝ አልኩ።

«ዓርብ ዐረፈ። ንዳዱ ተመለሰበት። ሙቀቱ አያቆይም፤ እዚያው ቀበርነው።»

የት እንደቀበሩት ጠየቅሁ። ከጣቢያው ኋላ፥ የግራር ዛፍ አጠገብ። ካህን እንኳ ከአዋሽ ነው የመጣው። ታሞ ሳለ ምን ይል ነበር ብዬ ጠየቅሁ። ባልጠየቅሁ ይሻል ነበር።

«ወንድሜ ይመጣል፥ ክፍሉን ጥረጉልኝ ይል ነበር።»

በዚያው ቀን፥ ፲ ሰዓት

እማዬ አታውቅም። መርዶው ነገ ሲነጋጋ ነው፤ የነፍስ አባቷና ጎረቤቶች ይመጣሉ። ዳቦ ቆሎውን በሁለት ከረጢት ከፍላ እያሰረች ነው። ይኼኛው የተሰማ ነው ብላ አስያዘችኝ። ከብዷል። ያዝኩ።

ኅዳር ፲፮

ነገሯት።

ኅዳር ፳፫፥ ማክሰኞ

ለቀስተኛው ቀነሰ። ሙሴ አርሻግ መጥቶ ከእኛ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ማንሻው ይጠብቅሃል አለኝ፤ አይፍረዱብኝ፥ ኮከብ የሚባል ነገር ማየት አልፈልግም አልኩት።

ጨረቃ ጠፍታለች። እሄድ የነበረው በዚህ ሰሞን ነው።

እማዬ ስታለቅስ አንድ ቃል ትደጋግማለች። «መታመሙን የነገረኝ ቢኖር በእግሬም ቢሆን እሄድ ነበር።» ሴቶቹ ማን ያውቅ ነበር ብለሽ ነው ይሏታል። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ደብዳቤው ኪሴ ውስጥ ነው።

ኅዳር ፳፯፥ ቅዳሜ፥ ጠዋት

ዛሬ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። እግሯ አብጧል፤ ባቡሩን አልችለውም አለች። አንተ ሂድና መስቀል አቁምለት አለች። መቃብሩን በፎቶግራፍ ላምጣልሽ አልኳት።

«መቃብሩን ምን ላደርገው? እሱ የሚያወራውን ሰማይ አምጣልኝ። እዩልኝ እንዳለ ነው የሄደው።»

ሰኞ እሄዳለሁ፤ ጨረቃ ስትጠልቅ ጠብቄ አነሣዋለሁ። ለሙሴ አርሻግ ነገርኩት፤ ስድስት መስተዋት ሰጠኝ።

ግን እንዲህ ሆኜ አልሄድም ደብተሬ። እያለቀሰች መረቀችኝ፤ ምርቃቱ ላይ ደኅና ልጅ አለችኝ። የዘለልኩትን መሥመር ሳላነብላት ባቡር አልሳፈርም። ከዚያ በኋላ ሰማዩን አልፈልግም ብትል፥ መስቀሉን ብቻ አቁሜ እመለሳለሁ። ወጥታ ፀሐይ እየሞቀች ነው። ደብዳቤውን ይዤ ልውጣ።