የተራው ወረቀት ከዳዊትህ ማኅደር ወጣ

ይህን የምታነብ፣ አዎ አንተ፣ የፍኖተ ሰላም ሰው፤ ደብዳቤው ለባሌ ነው የተጻፈው። ግን ያን ለት ማታ አንተም ተሰልፈህ ነበርና ዓይንህን ሳታሸሽ እስከ ታች ድረስ አንብበው።

ሙሉነህ፣ ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሳላለቅስ ነው የምጽፍልህ፤ ልቅሶውን በጊዜው ጨርሻለሁ። ፊደልም ቢሆን አንተ ዳዊት ስትደግም ከጎንህ ሆኜ የለቀምኩት ነውና ጽሕፈቴ ቢወላገድ አትሳቅብኝ።

የቤቱን ልንገርህ። የጓሮው ጌሾ ደርቆ ነበር፣ ክረምቱ መለሰው። ቀይዋ ላም ወንድ ጥጃ ወለደች። ትምህርት ቤቱ በቦታህ ሌላ ዘበኛ ቀጠረ፤ ደወሉን አንዳንዴ ይረሳዋል። ሐምሌ ላይ ደግሞ የባለሱቁ ራዲዮን ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ብሎ አወራ። ከተማው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሰማ። ከሁሉ ፊት የቆመው ማን ይመስልሃል? አያ ደምስ። የሰው ልጅ ጥበቡ እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

ያን የኅዳር ማታ አትረሳውም። የሳይንሱ አስተማሪ ባለሦስት እግር መነጽሩን፣ ቡሬ ካለው ጓደኛው ከተዋሰው ሌላ መነጽር ጋር፣ ከቡሬ መንገድ በላይ ካለው ሜዳ ተክሎ ጨረቃና ኮከብ ቀርቦ ማየት የፈለገ ይምጣ አለ። ጥቂት ሰው ይመጣል ብሎ ነበር፤ አገሩ ሁሉ ወጣ። ግፊያው መነጽሮቹን ሊጥላቸው ሲደርስ አንተ ወረቀት አወጣህና ተራ መጻፍ ጀመርክ። ብርሃኑ ሰማዩን እንዳያበላሽ ፋኖሱን በጋቢህ ከልለህ ነበር የምትጽፈው።

ጨረቃዋ ቀጭን ነበረችና ሳትገባ ቶሎ እንይ ተባለ። አበባ ተገኘ፣ የአያ ደምስ ሚስት፣ ነጠላዋን ተከናንባ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችና “ይቺማ ፈንጣጣ የተጫወተባት ናት” አለች። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። አያ ደምስም ሳቀ፤ ጥርሱን አይቻለሁ። ጨረቃ ስትገባ ጨለማው ጠና፣ ኮከቡም በዛ። እኔ ከአንዷ ትልቅ ኮከብ ጎን አራት ትንንሽ ተደርድረው አየሁ። አንተ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለህ “እኛ ሳናውቃቸው ሲዞሯት ኖረዋል” አልከኝ። ከዚያ ማታ የቀረኝ ይሄው ነው።

ጥፋትህ አንድ ነበር። አበባ ተገኘ የሚባሉ ሁለት ሴቶች በተራ ተጣሉ። አንተም እንዳይምታቱብህ የእናታቸውን ስም ጠየቅህና ጻፍክ። ስምን ከነእናት ስም የሚጠይቅ ማን እንደሆነ አገሩ ያውቃል፤ ኮከብ ቆጥሬ ዕጣህን ልንገርህ የሚል ጠንቋይ ነው። አንተ በዚያ ደስታ መሀል ይህ ትዝ አላለህም። እኔንም አላለኝ።

የአያ ደምስ ሚስት አበባ በሦስተኛው ሳምንት ሞተች። ቆላ ለአጨዳ ወርዳ ያመጣችው ወባ ነው፤ ስትንቀጠቀጥ ያላያት ጎረቤት የለም። አያ ደምስ ግን ከቀብር መልስ “ስሟን ከነእናቷ ስም ጽፎ ኮከቧን ጠራባት” አለ። የሰንበቴያችን ሙሴ እሱ ነው፤ እሱ የማኅበሩ አለቃ ሆኖ ያለውን ማን ይመልሳል። በሚቀጥለው እሁድ ሰንበቴውን የማብላት ተራችን ነበር። አንቀበልም ተብዬ ዳቦና ጠላ እንደተሸከምኩ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የተመለስኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ተኩል ለብቻህ አስቀድሰህ ለብቻህ ቤት ገባህ። ከሞትክ ወዲህም ሰንበቴው የሙታኑን ስም ሲያነሳ ያንተ ላይ ሲደርስ ይዘላል።

አሁን ስማ። ባለፈው ሳምንት ዳዊትህ እንዳይሻግት ላናፍሰው ከማኅደሩ ሳወጣው ያ ወረቀት ተጣጥፎ ወደቀ። ስሙ ሁሉ አለ። አንድ ቦታ “ደምስ ውበት” ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ “ደምስ፣ የብርቄ ልጅ” ይላል። ያን ለት ወደ ቤት ስንሄድ እየሳቅክ ነግረኸኝ ነበር። አያ ደምስ አንዴ ካየ በኋላ ድጋሚ ማየት አማረው፤ ሌላ ደምስ መስሎ በጨለማ ተመልሶ ተሰለፈ፤ የእናቱን ስም ሳትጠይቀው በገዛ አፉ ነገረህ። ድምፁን ለይተህ ዝም ብለህ ጻፍክለት።

ይህን ይዘህ እስክትሞት ዝም አልክ። ሚስቱ የሞተችበትን ሰው በሰው ፊት አላዋርድም ብለህ ነው፤ አውቅሃለሁ። እኔ ግን አንተ አይደለሁም።

ስምህን አልተውም። ማንም ባያነሳው በየእሁዱ ከሴቶች በር ቆሜ ጮክ ብዬ አነሳዋለሁ። በመጪው እሁድ ወረቀቱንም ይዤ እመጣለሁ። አያ ደምስ፣ ያንተም ስም ከነእናትህ ስም ተጽፏል፤ ያንኑ ኮከብ አንተም አይተሃል፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ታዲያ አንተን ምን አተረፈህ? በቅዳሴ መውጫ፣ ሰንበቴው ሳይበተን፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅህን ከፍ አድርገህ መልስ።