ለአባባ ፒክአፕ የገዛሁት ጂፒኤስ

ይድረስ ለወንድሜ ፊልጶስ፤ የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዜር ይመስገን አለን።

አባባን ለእህል ጭነቱ አጅቤ ትክል ድንጋይ ከተማ በተመላለስኩበት ሳምንት ቢሮው የቅየሳ ሥራዬን ለሌላ ሰው ሰጠብኝ። አመልክቻለሁ፤ አልለቃቸውም።

ዛሬ አባባ እህል ለሚያመላልስባት ፒክአፕ ጂፒኤስ ገዛሁ። ውዱን ትቼ፣ ያለ ኔትወርክ የሚሠራውንና የጥርጊያ መንገዶቹን ካርታ የያዘውን ርካሹን መረጥኩ።

አባባ፣ "ሠላሳ ዓመት በነዳሁበት መንገድ ማሽን ሊመራኝ? ምነው ልጄ፣ ናቅሽኝ!" ብሎ ሻጩን አሳቀው።

ሻጩም፣ "አያ፣ ቤትዎን ካርታው ላይ ያሳዩኝና ልመዝግበው፤ ይችን ሲጫኑ መልሶ ያመጣዎታል" አለው።

አባባ ሳያመነታ አዘዞ ያለውን፣ እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የለቀቅነውን ቤት ጠቆመ። ሰው ፊት ላርመው አልቻልኩም።

ስለ አባባ መርሳት ስነግርህ በስልክ "ታጋንኛለሽ" ያልከኝን አልረሳሁም። ቢሆንም ለፋሲካ አትበል፤ በዚህ ሳምንት ና።

ናፋቂህ እህትህ ሥርጉት፣ ከጎንደር