ስምህ ያለበት መስኮት

ፈይሳዬ፣

ከሰበታ መናኸሪያ ወደ ግንባር ከሸኘሁህ አራተኛው ክረምት ገባ። እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጠይቅህም፤ እኔ ግን ደህና አልሰነበትኩም። ስቀመጥ መነሳት፣ ስነሳ መቀመጥ ያሰኘኛል። ይህን ስጽፍልህ እንኳ ደጋግሜ ተነስቼ ደጅ ወጥቻለሁ።

ፉሪ ብትመጣ ሰፈርህን አታውቀውም። ጤፍ ትዘሩበት የነበረው መሬት ቤት በቤት ሆኗል። ድሮ ከደጃችን ሆነን እናየው የነበረው ተራራ በፎቅ ተሸፍኗል። ይህ ሁሉ ሲለወጥ እናትህ አዴ ብቻ አንተ በተውካቸው ቦታ ቆመው ቀሩ። ሽማግሌዎች መርዶህን ይዘው ሲመጡ፣ «ሬሳ ሳላይ አላለቅስም» ብለው መለሷቸው። ልብስህን እያጠቡ ያሰጡ ነበር፤ አልጋህንም ያነጥፉ ነበር። እኔም ከሳቸው ጋር ጠበቅኩህ። ማልቀስ ክህደት መሰለኝ።

ዓምና ሲሳይ የሚባል ጓደኛህ በክራንች እየተደገፈ መጣ። አንድ ምሽግ ውስጥ አብራችሁ ነበራችሁ። ስለ አንተ ሊነግረን ገና አፉን ሲከፍት፣ አዴ «ልጄን ይዘህ ስትመጣ በሬ ክፍት ነው» አሉና በሩን ዘጉበት። እሱም በክራንቹ ቁልቁለቱን ወረደ።

ዘንድሮ የደብራችን አዲሱ ሕንፃ ሲጠናቀቅ ዲያቆኑ ቤታችን ድረስ መጣ። ባለቀለም መስታወት ከሚገባባቸው መስኮቶች አንዱ ለአንተ መታሰቢያ እየተሠራ መሆኑን ነገረን። የሚያሠራው ሲሳይ ነው። ቡራዩ ውስጥ ከወንድሙ ጋር ብረት ይሠራል፤ ፍሬሙንም ራሱ በይዷል። አዴ ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን አንስተው፣ «ተነሺ፣ እናስቁመው» አሉኝ።

በአየር ጤና በኩል ታክሲ እየቀያየርን ሄድን። እኔም ለአዴ ልቁም ለአንተ መታሰቢያ ሳላውቅ ደረስን።

መስታወቱ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ቅዱስ ሚካኤል ነው፤ ክንፉ ቀይ፣ ዙሪያው ሰማያዊ። ከእግሩ ሥር ለስም የተተወ ቦታ አለ፤ የክርስትና ስምህ፣ ወልደ ሚካኤል፣ በእርሳስ ተነድፎበታል።

አዴ ሲሳይ ፊት ቆሙ። «ላልሞተ ሰው መታሰቢያ የምትሠራ አንተ ማነህ?»

«እናቴ፣» አለ ሲሳይ፣ «በእጄ ነው የቀበርኩት።»

ወንድሙ የሚጮኸውን መቁረጫ አጠፋ። አዴ አንድ እርምጃ ቀረቡት። ይሰድቡታል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፊቱን ወዴት አዞርከው?» ብለው ጠየቁት።

«ወደ ምሥራቅ።»

«በምን ሸፈንከው?»

«በካፖርቴ። ቄስ አልነበረም፤ አባታችን ሆይ ደግመንለት ነው የተለየነው።»

እዚያው፣ ብረትና መስታወት መሃል፣ እናትህ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ከዚያ ያሰሙት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሲሳይ ክራንቹን ጥሎ ከሥራቸው ተቀመጠ፤ ሦስታችንም መሬት ላይ ሆነን አለቀስንልህ። ልንነሳ ስንል አዴ በእርሳስ የተጻፈውን እያሳዩ፣ «ይህን እግዜር ያውቀዋል፤ ሰው የሚያውቀው ፈይሳን ነው። ፈይሳ ብለህ ጻፈው» አሉት።

በሳምንቱ እድርተኛው ድንኳን ተከለ። በአማርኛም በኦሮምኛም ተለቀሰልህ፤ ፍታትህም ተፈታ። መስኮቱ ከተሰቀለ ወዲህ አዴ በየቅዳሴው ከሥሩ ይቆማሉ። ጠዋት ፀሐይ ሲያልፍበት ቀዩ ብርሃን ነጠላቸው ላይ ያርፋል። ምግብ ይበላሉ፤ እንቅልፍም ይወስዳቸዋል። ሲሳይ ሲመጣ ለልጅ እንደሚቆረስ ይቆርሱለታል።

እኔ ነኝ ማረፍ ያቃተኝ። እዚያ መስኮት ሥር ብዙ መቆም አልችልም። ቅዳሴው ሳያልቅ እወጣና በግቢው እዞራለሁ። ስጠብቅህ ቢያንስ የምጠብቀው ነበረኝ። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አዴ እጄን ይዘው፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እርማችንን አውጥተናል። አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ ጎጆሽን አስቢ» አሉኝ። ይህን የሚሉኝ ያንተ እናት መሆናቸው ነው ያንገበገበኝ። እቤት አድርሻቸው እስከ ዓለም ገና በእግሬ ሄድኩ። ምን ፍለጋ እንደሄድኩ አላውቅም፤ እግሬ እምቢ ስላለኝ ብቻ ተመለስኩ።

መንገድ ላይ ትዝ ያልከኝ በወታደር ልብስህ አልነበረም። ከተፍኪ ገበያ ስንመለስ የሽምብራ እሸት እየፈለፈልክ ስታጎርሰኝ ነው። ለአዴ ብለን የገዛነውን በልተን እየጨረስን፣ ቤት ስንደርስ «ገበያው ላይ እሸት ጠፋ» ትላቸው ነበር። እሳቸውም ከንፈርህ ላይ ያለውን አረንጓዴ እያዩ ዝም ይሉህ ነበር።

ፈይሳዬ፣ ምን እንደማደርግ ገና አልወሰንኩም። ምናልባት አንድ ቀን ሌላ ሰው ቤቴ ይገባ ይሆናል፤ ምናልባትም አይገባም። ቢመጣ ግን ገና ሳይቀመጥ እጁን ይዤ ደብሩ ድረስ እወስደዋለሁ። ከመስኮቱ ሥር አቁሜ ስምህን ጮክ ብሎ እንዲያነበው እጠይቀዋለሁ። ስምህን መጥራት የከበደው ሰው ከእኔ ጋር ወደ ቤት አይመለስም።

ሚስትህ